ጥሩምባ በፋሲል ግቢ

ልናዘዝና ልጀምር። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር አድጌ፣ ጎንደር ሱቅ ከፍቼ ስኖር ፋሲል ግቢ የገባሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም ስድስተኛ ክፍል ሆነን ተሰልፈን። ከዚያ ጉብኝት የማስታውሰው አንድ የክፍላችን ልጅ አንበሳ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ሲያገሳ፣ አስተማሪያችን በጆሮው ይዞ ሲያወጣው ነው። ከዚያ ወዲህ በግንቡ ሥር በየቀኑ አልፋለሁ። ለእኔ ግንቡ ከባጃጅ መውረጃ ምልክት ነው፤ «ግንቡ ጋ ወራጅ አለ» እላለሁ፣ እወርዳለሁ፣ አበቃ።

አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ግን ይህን አታውቅም።

«የእድራችን ሰዎች ጎንደርን ሊጎበኙ ነው። ሃያ ሦስት ነን። አንተ አለህልን» አለችኝ በስልክ።

«አክስቴ፣ አስጎብኚ እኮ አለ።»

«አስጎብኚው ለታሪኩ ነው። አንተ ለእኛ ነህ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት፣ እግዜር ይመስገን፣ እድሩ ውስጥ ብዙ ሰው አልሞተም። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ ብር ተረፈ (የገንዘቡን ሣጥን ማለቴ ነው)። ግማሹ አባል አዲስ ድንኳን ይገዛ አለ፣ ግማሹ ሳንሞት አገር እንይ አለ። ድምፅ ተሰጠበትና ድንኳኑ በአራት ድምፅ ተሸነፈ። እናም ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ ዓርብ ማታ፣ በአንድ ቅጥቅጥ ተጭነው፣ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድረው፣ እግራቸው አብጦ ከተፍ አሉ። ዳኛው አሉ፣ ጸሐፊው አለ፣ ገንዘብ ያዥዋ ከነደብተራቸው አሉ። የድሮው ጥሩምባ ነፊም ጥሩምባውን ይዞ መጥቷል።

«ጥሩምባው ለምን አስፈለገ?» አልኩ።

«ሰው ሲበተን በምን ልንሰበስብ ነው?» አሉ ዳኛው። መልስ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጃን ተከል ዋርካ አጠገብ ስም ተጠራ። «አቤት!» «አቤት!» የዘገየ ሃምሳ ብር ይቀጣል፣ በደንቡ መሠረት። አክስቴ ከፊት አቆመችኝና «የጎንደር ልጅ ነው፣ የማያውቀው የለም» ብላ አስተዋወቀችኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ግን ለአክስቴ ልጅ ነኝ። አንዲት እናት ወዲያው ክንዴን ያዙና ወደ አንድ ፍርስራሽ እየጠቆሙ «ይሄስ ምንድነው ልጄ?» አሉኝ። «የንጉሥ ነው እማማ» አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ የጠየቁኝን ሁሉ «የንጉሥ ነው» እያልኩ መለስኩ፣ አንዴም አልተሳሳትኩም።

አስጎብኚው ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ። አፄ ፋሲለደስ ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. እንደቆረቆሩ፣ አጥሩ 900 ሜትር ያህል እንደሚረዝም፣ ከፋሲለደስ በኋላም የነገሡት በአባታቸው ቤት መኖር አልሆንላቸው ብሎ እየራሳቸው እንደገነቡ ነገራቸው። እስከዚህ ድረስ እድሩ ያዛጋል። ልጁ ወደ 12ቱ በሮች ሲደርስ ግን ነቃ። እምቢልታ በር የሚባል አለ ሲል ጥሩምባ ነፊው ደረቱን ነፋ። ተዝካሮ በር ሲል ደግሞ ሁሉም ዞር ብሎ ተያየ።

«ለተዝካር ብቻ በር ነበራቸው?» አሉ ዳኛው። «አየሽ ሥርዓት!» አሉ ገንዘብ ያዥዋን። የእኛ እድር በአንድ በር ነው ሬሳም ድስትም የሚያስገባው ብለው አዘኑ።

ከዚያ በኋላ እድሩ ፋሲል ግቢን በራሱ ዓይን ማየት ጀመረ። የአፄ በካፋ ግብር ቤት ስንደርስ ዳኛው በእርምጃ ለኩት። «ያለ ድንኳን ሦስት መቶ ሰው ይቀመጥበታል፣ ዝናብ ቢመጣ ግን ችግር ነው» አሉ። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጋ አስጎብኚው ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ እንደነበር፣ በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ እንደጎዳው፣ በጣሊያን ጊዜ መጨረሻም የእንግሊዝ አውሮፕላን ግቢውን እንደደበደበው እየተረከ ሳለ፣ ዳኛው አንጋጠው ሰማዩን አዩና «ቆርቆሮ ቢመታበት ይድናል» አሉ። አስጎብኚው ምራቁን ዋጠ።

ስህተቱ የመጣው አስጎብኚው የንጉሡን አሟሟት ሲያነሳ ነው። አፄ ኢያሱን ያስገደላቸው የገዛ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነው አለ። እንግዲህ ለሌላ ጎብኚ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለእድር ግን መርዶ ነው። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «የገዛ ልጁ! እናትየውስ?» «ቀብሩ የት ሆነ?» አስጎብኚው «ጣና ላይ፣ ምጽራሃ ደሴት» አለ። «ለቀስተኛው ሁሉ በጀልባ?» አሉ ገንዘብ ያዥዋ፣ ወጪው ታይቷቸው።

የተሰጠን ሰዓት ሲያልቅ ስድስት ሰው ጠፋ። አንበሳ ቤቱ ጋ ሰልፊ ላይ ናቸው (እነሱም ያገሳሉ፣ ሰው አይለወጥም)። ዳኛው ጥሩምባ ነፊውን በዓይናቸው ጠቀሱት። ሰውየው ከበሩ ወጣ ብሎ፣ እግሩን ከፍቶ ቆሞ፣ ጉንጩን ነፍቶ ለቀቀው። እዚያው ሰፈር የምታውቁት ድምፅ ነው፣ ያ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ አንጀት የሚያላውሰው። ጥበቃው እየሮጠ መጣ። አንዲት የሰፈሩ አሮጊት መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ማን አረፈ ልጄ?»

«ኧረ ማንም እማማ! ጎብኚ እየሰበሰብኩ ነው።»

«ጎብኚ በጥሩምባ?» አሉ፣ አላመኑትም። ከሱቆቹ ሰው ወጥቶ ይቆም ጀመር። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ የሱቅ ጎረቤቴ ነው። «ግንቡ ጋ ሰው ሞቷል መሰለኝ፣ ሱቅህን ልዝጋልህ?»

ከዚያ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድን። የግቢው ትኬት እዚያም ያገለግላል፣ ሰባት ሰው ግን ትኬቱን ጥሎታል፣ ስለ እሱ ባላወራ ይሻላል። አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን ይዘው ነበር የመጡት፣ ጠበል ሊቀዱ። ገንዳው ደረቅ ነው። ውሃው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የሚሞላው ለጥምቀት ነው ብሎ አስጎብኚው ቢያስረዳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እንደ ጎንደር ልጅ ይህን ቀድመህ አትነግረኝም?» ጀሪካኑን ቀኑን ሙሉ እኔ ተሸከምኩት። ግድግዳውን እንደ እባብ ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች ግን ያየሁት ያኔ ነው። እውነቴን ነው፣ ለጥምቀት በየዓመቱ እሄዳለሁ፣ አይቻቸው አላውቅም። በጥምቀት የሚታየው የሰው ጀርባ ነው።

ምሳውን ልዝለለው። ሃያ አራት ሰው ሃያ አራት ዓይነት አዘዘ፣ አንዱ ጥብስ ሲመጣለት ሁሉም «እኔም እሱን ነው ያልኩት» አለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሃያ አራት ጥንድ ጫማ በር ላይ ቀረ፣ ስንወጣ ሃያ ሦስት ተኩል ተገኘ። ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን መላእክት አክስቴ አንጋጣ አየቻቸውና «ሁሉም እኔን ነው የሚያዩኝ፣ የሁለት ወር መዋጮ አለብኝ» አለች በሹክሹክታ። ገንዘብ ያዥዋ ሰምተዋል።

መጨረሻ ላይ ቁስቋም ወጣን። ሁሉም ደክሞታል። ከአውቶቡስ መውረድ ያልፈለገም ነበር። የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ ፍርስራሽ ቶሎ ቶሎ አየነውና አስጎብኚው ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል አስገባን። መስታወት ያለው ሣጥን አለ። ውስጡ አፅም ነው።

«እቴጌ ምንትዋብ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ፣ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ» አለ ልጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ስልክ ያወጣ የለም። ባለ ጀሪካኗ እናት ጠጋ አሉ።

«ማን ቀድሞ ሞተ?»

«ልጅየው። ከዚያ ኢዮአስን በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል አስገደሉት።»

«አያትየዋ ያኔ አሉ?»

«አሉ። እዚሁ ቁስቋም ነበር የሚኖሩት።»

«ልጇንም የልጅ ልጇንም ቀብራ?» አሉ እናት። ከዚያ ማንንም ሳያማክሩ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አጠገባቸው ያሉትም አዘቀዘቁ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወጥተው ድንጋዩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን። አስጎብኚው ግራ ገባው፣ ምን እንደሚሠሩ አላወቀም። እኔ አወቅሁ። ለቅሶ እየደረሱ ነው። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ኮቱ ሥር ሸጎጠው። ገንዘብ ያዥዋ ከቦርሳቸው ብር ቆጥረው ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጡ፣ ደብተሩም ላይ ጻፉት። «ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም» አሉኝ፣ ስመለከታቸው።

ሲነሱ እኔ ተመልሼ ገባሁ። ከሱቄ እስከዚህ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አልመጣሁም። ትንሽ ቆየሁ መሰለኝ፣ ስወጣ አውቶቡሱ ሞተር አስነስቷል፣ ሁሉም በመስኮት ያየኛል። ገንዘብ ያዥዋ ደብተራቸውን ገልጠዋል።

«ሰባት ደቂቃ። ሃምሳ ብር።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አባል አይደለሁም።»

ዳኛውን አዩ። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው መመዝገቢያም አለብህ» አሉኝ።