ማስተካከያ፦ ስለ ዶክተር ኪልዴር ፊልሞች

ስለ ዶክተር ኪልዴር ተከታታይ ፊልሞች በቀረበው ጽሑፍ፣ ይህ ወጣት የልብ ወለድ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም የታየው በ1938 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው የፊልም ኩባንያ ኤም ጂ ኤም እንደሆነ ተጠቅሷል። ሌላው የፊልም ኩባንያ ፓራማውንት ግን በ1937 ቀድሞታል፤ ያኔ ኪልዴርን የተወነው ጆኤል ማክሪ ነበር። በ1938 የተጀመረው ሉ ኤርስ ኪልዴርን ሆኖ የተወነበት የኤም ጂ ኤም ተከታታይ ነው።

ከዚህ የሚብሰው በዚያው ጽሑፍ ኤርስ «ከጦርነት ሸሸ» መባሉ ነው። እውነት ነው፣ በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በእምነቱ ምክንያት መሣሪያ አላነሣም አለ፤ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶችም ፊልሞቹን አናሳይም አሉ። እርሱ ግን በጦሩ የሕክምና ክፍል ገብቶ በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ቁስለኞችን ሲረዳ ቆይቷል። በፊልም ነጭ ካባ የለበሰው ሰው በጦር ሜዳም ሥራው ያው ሆነ። ተከታታዩ ያለ እርሱ፣ በላዮኔል ባሪሞር የተተወኑትን የኪልዴርን አለቃ ዶክተር ጊሌስፒን ይዞ እስከ 1947 ዘልቋል።