ቀጠሮ አክባሪው ግርዶሽ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ነበርኩ። እሑድ ነው። ጊዜው የኮሮና ስለነበር ማስክ አድርገናል። ለ2 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ብርሃኑ ደብዘዝ፣ አየሩ ቀዝቀዝ አለ። ሰው ሁሉ በፀሐይ ግርዶሽ ማያ መነጽር ወደ ላይ ያያል። የእኔ ዓይን ግን አጠገቤ የቆሙ እናት ነጠላ ላይ ቀረ። ከወይራው ቅጠል መሐል የሾለከው ብርሃን ነጠላው ላይ ትንንሽ ቀለበቶች ሠርቷል። እያንዳንዱ ቀለበት የፀሐይ ምስል ነው። ሳሳያቸው አንዱን በጣታቸው ነካ አደረጉና «እንዲህም አለ እንዴ!» አሉ።

ከውበቱ በላይ የገረመኝ ቀጠሮው ነው። ፊዚክስ ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ በየት በየት እንደሚያልፍም ከዓመታት በፊት ተናግሮ ነበር። ጨረቃ ከመሬት ራቅ ስለምትል የፀሐይ ዳር ዳሩ ሳይሸፈን ይቀራል ብሎ ነበር። ቀረም።

ፊዚክስን የማከብረው ለዚህ ነው። ቀድሞ ይናገራል፤ ከተሳሳተም ሁሉም ያየዋል። አንስታይን በ1915 (እ.ኤ.አ.) ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በቁጥር ተናገረ። በ1919 ተመራማሪዎች ግርዶሽ ጠብቀው ከፕሪንሲፔ ደሴትና ከብራዚል ለኩት። ባይገጥም ኖሮ ሐሳቡ ይወድቅ ነበር።

አላውቅም ማለትም ይችልበታል። የዩኒቨርስን ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ብሎ ለክቷል። እኛም፣ ከዋክብቱም፣ የአቡነ ዮሴፍ ተራራም የተሠራንበት ቁስ ግን ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ነው። ሌላው ጨለማ ቁስና ጨለማ ኃይል ይባላል። ስም ወጣለት እንጂ ምንነቱ አልታወቀም።

ይህን ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም። ፎርሙላ ሸመደድን፣ ተፈተንን፣ ረሳን። ሁሉም ነገር ተመልሶ ያለቀ ይመስለን ነበር። እንዲህ የተማረ ልጅ ምን ብሎ ይጠይቃል? ያናድደኛል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ወሎ ላይ ከፊል ግርዶሽ አለ። ክረምት ነው፤ ደመና ሊጋርደው ይችላል። ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ቢሆንም የደሴና የወልድያ መምህራን ከአሁኑ ቢያስቡበት እላለሁ። ልጆቹ ሰዓቱን ቀድመው ደብተራቸው ላይ ይጻፉት። ፀሐይዋን በባዶ ዓይን እንዳያዩ ይነገራቸው። ከዚያ ከየቤታቸው ወንፊት ይዘው ይውጡና ጥላውን ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉት። በእያንዳንዷ ቀዳዳ አንድ የተገመጠች ፀሐይ ትወርዳለች።