የንጣት ሹም

በየድግሱ ላይ ሥራው በውል የማይታወቅ፣ ሳይጠራ ግን የማይቀር አንድ ሰው አይጠፋም፤ ወጪ አላዋጣም፣ ድንኳን አልተከለም፣ ምርቃት አላደረሰም፣ ሆኖም እርሱ ካልተገኘ ድግሱ የጎደለ ይመስላል። ከኬሚካሎች ወገን ይህን ማዕረግ የያዘው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ዱቄት ነው። በግድግዳ ቀለም፣ በወረቀት፣ በፕላስቲክ፣ በክኒን ሽፋንና በማስቲካ ውስጥ ይገኛል። በጥርስ ሳሙና ውስጥም አለ፤ ጥርስ ግን አያጸዳም። ንጣቱ የሳሙናው እንጂ የጥርሳችን አይደለም፤ እኛ ግን ግራጫ ሳሙና ቢቀርብልን አፋችንን ያቆሽሻል ብለን እንሸሸዋለን። (ፀሐይ በሚከላከል ቅባት ውስጥ ግን ጎጂውን ጨረር በመመከት የእውነት ይሠራልና ስሙን ሁሉ አናጥፋ።)

በመንጣት ረገድ ተወዳዳሪ የለውም፤ ነጭ ዱቄት ብርሃንን አብዝቶ በሰበረ ቁጥር ንጣቱ ይጎላልና። ሩታይል የተባለው ዓይነቱ ብርሃንን የመስበር አቅሙ 2.7 ገደማ ሲሆን፣ የአልማዝ 2.42 ብቻ ነው፤ በዚህ መስፈርት የአልማዝ ቀለበት አጥልቆ ነጭ ግድግዳ ከተደገፈ ባለጸጋ ይልቅ የተደገፈው ግድግዳ ይከብራል። ትውልዱስ ቢሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኢልሜናይት ከተባለ ጥቁር ማዕድን ነው፤ በሰልፈሪክ አሲድ ወይም በክሎሪን ተፈትኖ ከወጣ በኋላ የጥቁር ዘመዶቹን ስም የሚያነሣበት የለም። ከእርሱ በፊት ወንበሩን ይዞ የነበረው ከእርሳስ የሚሠራው ነጭ ቀለም ለብዙ ዘመናት ቀቢዎችን ሲመርዝ ስለኖረ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲሱ ተሿሚ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ምሕረት ቢቆጠር አያስደንቅም።

ችግር የመጣው ወደ ምግብ ሲገባ ነው። ኢ171 በሚል የክብር ስም (በአውሮፓ የምግብ ጭማሪዎች መለያ ቁጥር ነው) ከረሜላና የኬክ ማስጌጫ ሲያነጣ ኖሮ፣ ፈረንሳይ በ2020 ከምግብ አስወጣችው፤ በ2021 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የሕዋሳትን ዘረመል (ዲኤንኤ) አይጎዳም ብሎ ማረጋገጥ እንዳልቻለ ገለጸ፤ በ2022 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከምግብ ከለከለው። አሜሪካ ግን ከምግቡ ክብደት 1 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ ትፈቅደዋለች። አንዱ ማስቲካ ውቅያኖስ ሲሻገር ተጠርጣሪ፣ ሲመለስ ንጹሕ ዜጋ ይሆናል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው የክኒኑ ነገር ነው። በድንገት ቢወገድ የመድኃኒት እጥረት ይፈጠራል ተብሎ ስለተሰጋ፣ ያው የአውሮፓ ሕግ በመድኃኒት ውስጥ እንዲቆይ ተወው። ጤነኛው በከረሜላ እንዳይቀምሰው ተጠበቀ፤ ሕመምተኛው ግን በሐኪም ትእዛዝ፣ ከምግብ በኋላ፣ በብዙ ውኃ ይውጠዋል።

ከረሜላ ሠሪዎችም በካልሲየም ካርቦኔትና በሩዝ ስታርች ሊተኩት ሞከሩ። እነዚህ እንደ እርሱ ብርሃን መስበር ስለማይሆንላቸው፣ ከረሜላው ደብዘዝ ማለቱ አይቀርም፤ ይህን ያየ ገዢም ማሸጊያውን አገላብጦ የሚፈልገው ምን እንደ ወጣለት የሚነግረውን ዝርዝር ሳይሆን፣ ዕቃው ሳይበላሽ አልቀረም ብሎ የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ነው።