ቤት ልትሸጡ ነው? ቀለሙን ተዉትና ውሃውን ፈልጉ

ድሬዎች፣ እባካችሁ ቤት ሊሸጥ ሲል መጀመሪያ ቀለም ቀቢ መጥራት ይቅር! ደላላው «ትንሽ ቀለም ቢነካው ዋጋው ይጨምራል» ይላል፤ ባለቤቱም ያለውን ብር ግድግዳው ላይ ይጨርሳል። የሚያፈሰው ቧንቧና ጣሪያው ግን እንዳለ ነው። ሰቢያን ሂዱ ከዚራ፣ ያው ነው።

ግድግዳው ግርጌ ላይ እንደ ዱቄት የሚረግፈው ነጭ ነገር ጨው ነው። ውሃ ከመሠረት ወይም ከተሰነጠቀ ቧንቧ ሲወጣ ጨውን ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀርና ልስኑን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። እዚያ ላይ ስቱኮ ለጥፎ ፕላስቲክ ቀለም መቀባት እርጥበቱን ማፈን ነው። አረፋ ሠርቶ ይነሳል፤ ያውም ገዢው ቀብድ ይዞ ሲመለስ!

መጀመሪያ ወደ ሮቶው የሚገባውን መስመርና የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩ። ትንሿ መዘውር እየዞረች ከሆነ የተደበቀ ፍሳሽ አለ፤ ሳይገኝ ልስን አይነካም። ሲቆም ልስኑን እርጥበቱ ከደረሰበት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አውርዱ። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፤ በውሃ ካጠባችሁት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ግድግዳው በደንብ እስኪደርቅ ሳምንታት ስጡት፣ ከዚያ 1 ሲሚንቶ ለ4 የታጠበ አሸዋ። በእኛ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ የተለሰነ ግድግዳ ውሃውን ቶሎ ያጣና ይሰነጠቃል። በማለዳ ይለሰን፣ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። በድንጋይና በኖራ የተሠራ የድሮ ቤት ከሆነ ግን ሲሚንቶ አታስነኩት፤ በኖራ ይለሰን።

ጣሪያው ደግሞ ቀላል ነው፣ ግን ማንም አይወጣም። ቀትር ላይ ኮርኒሱ ውስጥ ገብታችሁ መብራት አጥፉ፤ ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ይታያል። ቆርቆሮው በሙቀት ሲለጠጥና ሲኮማተር ሚስማሩ ይላላል፣ ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሬንጅ መቀባት መፍትሔ አይደለም፤ እሱም ይሰነጠቃል። ሚስማሩን ነቅሎ ወፍራም ሚስማር በአዲስ ጎማ መምታት፣ ያውም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃው በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም።

የሻወሩ ራስ ተከፍቶ ውሃ በደንብ የማያወርደው ብዙ ጊዜ ስለተበላሸ አይደለም። የድሬ ውሃ ጠንካራ ነው፣ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩት፣ አዲስ አትግዙ። የሮቶው ተንሳፋፊም እንደዚያው ነው።

መብራት ላይ ግን ስስት አይግባ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። እሱን በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የሰቀለ ቤት ሶኬቱ ጠቁሮ ይገኛል። 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይግባለት። የጠቆረ ሶኬት ያየ ገዢ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጠራጠራል፣ ትክክልም ነው።

አዲስ የኩሽና ካቢኔ፣ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ ሳሎኑን ሙሉ ሴራሚክ መቀየር? ተዉት! ገዢው በራሱ ምርጫ ያፈርሰዋል። ከዚህ ይልቅ ሰርቪስ ብላችሁ የጨመራችኋት ክፍል ፕላኑ ላይ መኖሯን አረጋግጡ። ብር ካለቀና ጣሪያው ካልተጠገነ ደግሞ ለገዢው በግልጽ ንገሩት፣ ሚስማሩና ጉልበቱ ተሰልቶ ከዋጋው ይቀነስ።