በ3 ፍራንክ አገር መቁጠር

ሰሞኑን የተያዘው ልማድ ፓስፖርት ገልጦ ፎቶ መለጠፍ ነው። ገጹ ላይ አንድ ማኅተም አለ፣ ጠርዙ ላይ አውራ ጣት ይታያል፣ ከሥሩ "አገር ቁጥር 14፦ ሊክተንስታይን" ተብሎ ተጽፏል። ባለ ፓስፖርቱ የሠራው ሥራ ይኸው ነው፦ ከዙሪክ በባቡር የስዊዝ ከተማ ሳርጋንስ ደረሰ፣ በአውቶቡስ የሊክተንስታይን ዋና ከተማ ቫዱዝ ገባ፣ ቱሪስት ቢሮው ውስጥ 3 ፍራንክ ከፍሎ አስመታ፣ ኮረብታው ላይ ላለው ግንብ ጀርባውን ሰጥቶ ሁለት ፎቶ ተነሣ፣ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተመለሰ። ማታ "እንዴት ነበር?" ሲባል አፉን ሞልቶ "ምንም የላትም፤ ውድ ብቻ ናት" ይላል። ምን ልታሳየው ኖሯል? በአንድ ሰዓት ያየው ፌርማታ፣ ጠረጴዛና የራሱን ፊት ነው።

ማኅተሙ ደግሞ የድንበር ማኅተም አይደለም። ሊክተንስታይን ከስዊዘርላንድ ጋር የጉምሩክ ውል የተፈራረመችው በ1923 ነው (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አንብቡት)፤ በሁለቱ መካከል ቆሞ ፓስፖርት የሚጠይቅ ኬላ የለም። በ2011 ያለ ድንበር ፍተሻ የሚኬድበት ሸንገን ቀጠና ገብታለች። ስለዚህ ያ ማኅተም የመታሰቢያ ዕቃ ነው። አውሮፓ ራሷ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በውጭ ድንበሮቿ ማኅተምን በጣት አሻራና በፊት ምስል እየተካች ጡረታ ስታወጣው፣ የኛ ሰው ከኪሱ ከፍሎ ያስመታል! የኢትዮጵያ ፓስፖርት ገጽ እንዲህ በዋዛ የሚባክን ነው እንዴ? ነገ ቪዛ ሲጠይቅ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴትዮ "ይህስ ምንድን ነው?" ብትለው ምን ሊመልስ ነው?

መታሰቢያ የፈለገ ሰው ፖስታ ቤት ይግባ። ይህች አገር ከ1912 ጀምሮ የራሷን ቴምብር ታትማለች፤ ዓለም የሚያውቃትም ለረጅም ጊዜ በቴምብሯ ነው። ቫዱዝ ውስጥ ያለው የፖስታ ሙዚየም መግቢያ አያስከፍልም። አንድ ፖስት ካርድ ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ቢልክ የቫዱዝ ማኅተም እውነተኛ ሆኖ ይመታለታል። ፖስታ ሣጥን ቁጥር መጻፉን ብቻ አይርሳ፤ የቤት ቁጥርና የቀበሌ ስም ጽፎ ደብዳቤ እቤት ይደርሳል ብሎ የሚጠብቅ ካለ እሱም ሌላ አገር ነው የሚኖረው።

እግረ መንገዴን አንድ የቆየ ቂም ላውጣ። ሊክተንስታይንን ከሉክሰምበርግ ጋር የሚያምታታ ሰው አለ። ማምታታቱ ባልከፋ፤ ይመክራል። "እዚያ አገር እኮ አውቶቡስ በነፃ ነው!" በነፃ የሆነው ሉክሰምበርግ ነው፣ ከማርች 2020 ጀምሮ። ሉክሰምበርግ በስፋት አሥራ ስድስት እጥፍ ትበልጣለች፣ ዩሮ ትጠቀማለች፣ የአውሮፓ ኅብረት መሥራች ናት፣ የአልፕስ ተራራም በአጠገቧ አያልፍም። ሊክተንስታይን 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፣ የአዲስ አበባ ሲሶ እንኳ አትሞላም፤ ኅብረቱ ውስጥ የለችም፣ ፍራንክ ትጠቀማለች፣ አውቶቡሷም ያስከፍላል። ምክሩን አምኖ ያለ ትኬት የተሳፈረው ተቆጣጣሪ ሲደርስበት ቅጣቱን የሚከፍለው እሱ ነው። መካሪው በዚያ ሰዓት ስሎቫኪያን እያሰበ ሌላ ሰው ወደ ስሎቬኒያ እየላከ ነው።

"ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ በርካሽ ስለመጓዝ ከዚህ የተሻለ የተናገረ አላውቅም። ነዋሪው የሚሳፈርበትን ተሳፈር፣ የሚሸምትበት ሸምት፣ የሚጠጣበት ጠጣ፤ አለቀ። አየር ማረፊያ የለም። ዋና ከተማዋም ባቡር ጣቢያ የላትም፤ ሐዲዱ ከኦስትሪያዋ ፌልድኪርሽ ተነሥቶ በሊክተንስታይኗ ሻን በኩል ወደ ስዊዘርላንዷ ቡክስ ያልፋል እንጂ ቫዱዝን አይነካም። አገሩን የያዘው አውቶቡስ ነው። 11 ቁጥር ከሳርጋንስ ጣቢያ ደጃፍ ተነሥቶ በባልዘርስ፣ በትሪዘን፣ በቫዱዝና በሻን አድርጎ እስከ ፌልድኪርሽ ይዘልቃል፤ እስከ ቫዱዝ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ዋጋው በዞን ስለሚቆጠር ሁለት ሦስቴ የሚወርድና የሚወጣ ሰው ነጠላ ትኬት ሲገዛ ይውላል፣ ማታ ሒሳቡን ሲደምር ይናደዳል። ለሹፌሩ "ታገስካርተ" ማለት ነው፤ የቀን ትኬት ይሰጣል።

የሚነደው ገንዘብ ግን አውቶቡሱ ላይ አይደለም፤ ከዙሪክ ሳርጋንስ ያለው አንድ ሰዓት ያህል የባቡር መንገድ ላይ ነው። ቀድሞ የሚገዛ ቅናሽ ትኬት አለ፤ የሚሠራው ግን ለተጻፈበት ባቡር ብቻ ነው። ቁርስ ሲያራዝም ባቡሩ ያመለጠው ሰው ሙሉ ዋጋ እንደ ገና ይከፍላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማደርም ቢሆን እንደዚያው ነው። በሻንና በቫዱዝ መካከል የወጣቶች ማረፊያ አለ፤ እሱ ከሞላ ፌልድኪርሽ መውጣት ነው። እዚያ ሒሳቡ በዩሮ ነው፣ አልጋውም እራቱም ይረክሳል፣ ጠዋት ያው 11 ቁጥር ይመልሳል። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ በኦስትሪያ በኩል የጉምሩክ ድንበር ስላለ አንዳንዴ አውቶቡሱን ያስቆሙታል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ወገን ደግሞ "ኬላ የለም" ሲሉት ሰምቶ እንዳይሻገር። ኬላ አለመኖሩ ፈቃድ አይሆንም፤ ይህን ለቀልድ የሚመክሩ ሰዎች ቢያፍሩ ጥሩ ነበር።

ወደ ሆድ ጉዳይ እንምጣ። የአገሩ ምግብ ኬዝክኖፕፍለ ይባላል፤ በቀዳዳ ገበታ ተጨምቆ የፈላ ውኃ ውስጥ የሚንጠባጠብ ሊጥ ነው። ሲንሳፈፍ ይወጣል፣ በየድርቡ አይብ ይነሰነስበታል፣ የተጠበሰ ቀይ ሽንኩርት ከላይ፣ ከጎኑ የፖም ድልህ። ጥሩ ምግብ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የደረሰ ጿሚ ግን አይቶ ያልፈዋል። ሬስቶራንት ውስጥ አንድ ሳህን ከ20 ፍራንክ በላይ ነው። አራት ሐበሻ አንድ ጠረጴዛ ከበበ እንበል። አሳላፊዋ "አንድ ላይ ነው ለየብቻ?" ብላ ትጠይቃለች። ይህች ሴት በአንዲት ጥያቄ አራት ሰው ከውርደት ልታድን ነው የመጣችው፤ ማን ይሰማታል? "አንድ ላይ! እኔ ነኝ የምከፍለው!" "ሞቼ እገኛለሁ!" "በእናቴ ሞት እንዳትከፍል!" አንዱ የሒሳብ ወረቀቱን ከእጇ ሊነጥቅ ይደርሳል፣ አንዱ ገና ሒሳቡ ሲጠራ ሽንት ቤት ገብቷል፣ እስኪያልቅ አይወጣም። ያሸነፈው ከ100 ፍራንክ በላይ ከፍሎ የወሩን በጀት ቀብሮ ይነሣል፤ ከዚያ በባቡሩ ሙሉ ዝም። ይህ ልማድ አዲስ አበባ ላይ ማክያቶ ሲከፈልበት ያምራል። ሁሉም ተማሪ ወይም ፅዳት ሠራተኛ በሆነበት፣ ሁሉም የሁሉን ደሞዝ በሚያውቅበት ግን ደግነት አይደለም፤ ልታይ ባይነት ነው። "ለየብቻ" ለማለት ያልደፈረ ሰው አስቀድሞ ሱቅ ይግባ።

ሻን ውስጥ ሚግሮስ አለ፣ ኮፕም በቅርብ ይገኛል፤ ዳቦ፣ ሁመስ፣ ሙዝ፣ ለማይጾመው አይብ። ሊዘጉ ሲቃረቡ ቀኑ የደረሰ ዕቃ ላይ የቅናሽ ወረቀት ይለጠፋል። እሑድ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ያልሸመተ እሑድ ይጾማል። ዩሮ ብዙ ቦታ ይቀበላሉ፣ መልሱን ግን በፍራንክ ሰጥተው ምንዛሪውን እንዳሻቸው ያደርጉታል። ውኃ መግዛት ጭራሽ አያስፈልግም፦ በየመንደሩ ከድንጋይ የተፈለፈለ ገንዳ አለ፣ ከቧንቧው ሌት ተቀን ቀዝቃዛ ውኃ ይወርዳል። "ካይን ትሪንክቫሰር" የሚል ከተጻፈበት አይጠጣም፤ ካልተጻፈበት ጠርሙስ መደቀን ነው። ከቤት የሚመጣ ነገር ካለ ቆሎ ይምጣ፤ አይበላሽም፣ አይፈስም፣ ተራራ ላይ ያበረታል።

ተራራ ካልን፣ 21 ቁጥር አውቶቡስ ከቫዱዝ በትሪዘንበርግ ጠምዝዞ፣ በ1947 በተከፈተው ዋሻ ሾልኮ ማልቡን ያወጣል። ማልቡን 1,600 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ደርሶ ደረቱን ይዞ "ኧረ ከፍታው፣ ትንፋሽ አጠረኝ!" የሚል የአዲስ አበባ ልጅ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ያደግክበት ሰፈር ከዚህ በሰባት መቶ ሜትር ይበልጣል! የአገሩ ትልቁ ተራራ ግራውሽፒትስ 2,599 ሜትር ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ በጋሪ የሚሄድ ሰው ቁልቁል ያየዋል። ያጠረህ ትንፋሽ የተራራው ሳይሆን የሶፋው ነው። ብርዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በረዶው እውነተኛ ነው፣ የሸራ ጫማ ይንሸራተታል፣ ሸለቆው ፀሐይ ሆኖ ላይኛው ደመና ይሆናል፣ አንዳንዴም ተገላቢጦሽ። ከማልቡን ሳሬይስ ወደሚባለው ከፍታ የሚያወጣ ባለ ወንበር የገመድ መጓጓዣ አለ፣ ይከፈልበታል፤ በእግር ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፣ በነፃ።

ግንቡን ከውጭ ማየት እንጂ መግባት አይቻልም። መስፍኑ ይኖሩበታል፤ ቤተሰቡ ከ1938 ጀምሮ እዚያው ነው። "ከዚህ ድረስ መጥቼ?" ብሎ በር ላይ የሚያኮርፍ አለ። የሰው ቤት ነው እኮ! ይልቅ ስለ ጦራቸው ይጠይቅ፦ በ1866 ሰማንያ ሰው ዘምቶ ሰማንያ አንድ ሆኖ ተመለሰ ይባላል፣ መንገድ ላይ ወዳጅ አፍርተው። በ1868 ጦሩን በትነው ከዚያ ወዲህ ወታደር የላቸውም። ወደ ባሕር ለመድረስም ሁለት አገር ማቋረጥ አለባቸው፤ ስለ ወደብ ሲያወሩ ግን አይሰማም።

ስልክ ሊረሳ ነበር። ሊክተንስታይን የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና አባል ስለሆነች ከጀርመን ወይም ከጣሊያን የመጣ ሲም እዚያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል። ስዊዘርላንድ ግን ውጭ ናት፣ በመካከላቸው ያለው ደግሞ ራይን ወንዝ ብቻ ነው። ስልኩ ወንዙን ተሻግሮ የስዊዝ ኔትወርክ ይይዛል፣ ባለቤቱ የማኅተሙን ፎቶ ይለጥፋል፣ ያቺ ፎቶ ከማኅተሙ ዋጋ በላይ ታስከፍላለች። ዳታውን ሳርጋንስ ሳይደርሱ መዝጋት፣ ቫዱዝ ላይ ከሴቲንግ ገብቶ የሊክተንስታይኑን ኔትወርክ በእጅ መምረጥ ነው።

አዎ፣ ማኅተሙ። የሚያስመታ ያስመታ፤ ቢሮው ሽቴትለ የሚባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ነው፣ እኔ አልከለክልም። ሲመለስ ግን አውቶቡስ አይጠብቅ። ከቫዱዝ ወደ ራይን ወርዶ በ1901 የተሠራውን ጣሪያ ያለው የእንጨት ድልድይ በእግሩ ይሻገር፤ 135 ሜትር ነው፣ ድንበሩም መሐሉ ላይ ነው። ከዚያ ሰቨለን የምትባል የስዊዝ መንደር ጣቢያ አለ፤ ከከተማው እስከዚያ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ዘና ያለ እርምጃ። እዚያ የሚቆመው የአካባቢው ባቡር ብቻ ስለሆነ ሰዓቱን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ፈጣኑ ባቡር ሲያልፍ እንደ ሚኒባስ እጅ ቢያወጡለት አይቆምም።