አያት በዲቪ

ዲቪ የደረሰው ሰው አሜሪካ የሚገባው ብቻውን ይመስለዋል። በርበሬውን፣ ሽሮውንና ጋቢውን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ቦሌ ላይ ተላቅሶ ይሳፈራል። አጠገቡ ሟች አያቱ እንደተቀመጡ የሚገባው ቆይቶ ነው። ሕጉ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ይፈቅዳል፤ አያቶች ግን ቁጥር ውስጥ አይገቡም።

ፊደል ስንቆጥር በሶ የበላውን አበበን እንውሰድ። ሙሉ ስሙ አበበ ከበደ ወልደማርያም ነው እንበል። አያት ወልደማርያም በሬ መግዣ ሊበደሩ ሄደው፣ ዋስ አጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ፣ ሲሞቱም የሰው ሳንቲም ያልነበረባቸው ሰው ናቸው። አገር ቤት ስማቸው የሚነሳው ቅጽ ሲሞላና ዘር ሲቆጠር ብቻ ነበር። ፓስፖርቱ ግን «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ እሳቸውን አስቀምጧል፤ አሜሪካም ሰው የምትጠራው በዚያ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ «ሚስተር ወልደማሪያም!» ስትል አበበ ዞር ዞር ብሎ ሽማግሌ ይፈልጋል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ተራው ያልፋል።

የልደት ሰርተፊኬቱ ላይ «ወ/ማርያም» ተብሎ ከሆነ ደግሞ ጉድ ፈላ። የዚያ አገር ኮምፒውተር እዝባር አይበላም። አንዱ መሥሪያ ቤት «ደብልዩ ማርያም» ይለዋል፤ ሌላው ለሁለት ሰንጥቆ ወልደን ከመካከል፣ ማርያምን ከመጨረሻ ያኖራል። ጢሙን ያንዠረገገ ጎልማሳ «ውድ ወይዘሮ ማርያም» የሚል ደብዳቤ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን፣ አጻጻፉ ቢያናድድም፣ ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ሶሻል የሚሉት የመንግሥት መለያ ቁጥር፣ ቀጥሎ መንጃ ፈቃድ፣ ከዚያ ባንክ። መንጃ ፈቃድ ሰጪው ስሙን ከሶሻል መዝገብ ጋር ስለሚያመሳክር፣ አንዲት ፊደል ከዘለለች አበበ ወረፋውን እንደ አዲስ ይይዛል። «ኧረ ዋናው ድምፁ ነው» ብሎ መከራከር አማርኛ መምህር ፊት እንጂ እዚያ መስኮት ላይ አይሠራም።

ቤተሰብ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ሚስት የራሷን አያት ይዛ መጥታለች። ልጁ በአገሩ ወግ በአበበ በከበደ ይጠራልና የቤተሰብ ስሙ ከበደ ነው። አንድ ቤት፣ ሦስት «ቤተሰብ»። አበበ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊወስድ ሲሄድ ጸሐፊዋ ወረቀቱን ታገላብጥና «ከበደ ምንዎ ነው?» ትላለች። «አባቴ ነው» ይላል፣ እውነቱን። ሴትዮዋ የሰባት ዓመቱን ልጅ ታያለች፤ እሱን ታያለች፤ ስልክ ታነሳለች። የልጁን የልደት ሰርተፊኬት ከነትርጉሙ መያዝ ከማስረዳት ይቀላል። እዚያ ለሚወለድ ልጅ ደግሞ የማን ስም መጨረሻ እንደሚሆን ምጥ ሳይመጣ ይወሰን። ሆስፒታሉ የልደት ቅጹን የሚያመጣው እናት ገና ሳታርፍ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት የሽማግሌ ጉባኤ አይጠራም።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1980 የተወለደ ሰው በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 8 ቀን 1988 ይሆናል። ሳይቀይር 1980 ብሎ ከሞላ ስምንት ዓመት በነጻ አረጀ። ለጡረታ ያሰበ ሰው ሊደሰት ይችላል፤ በዚሁ ስሌት ግን የአሥር ዓመት ልጁ በወረቀት 18 ሞልቶት ራሱን ችሏል። ጳጉሜን 3 የተወለደም ቅጹ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ሴፕቴምበር 8 ብሎ ይሙላ። ወሩም ከቀኑ ቀድሞ ይጻፋል።

ሰዓቱስ? የአክስት ልጅ «ቀጠሮህ ሁለት ሰዓት ነው» ብሎ ቴክስት ሲያደርግ የፈረንጁን ሁለት ማለቱ ነው፤ አበበ ጠዋት በሐበሻው ሁለት ይደርሳል። ስድስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ለአገር ገጽታ ይጠቅማል። የሚጎዳው ተቃራኒው ነው፤ ጠዋት ስምንት የተባለው ከምሳ በኋላ ይመጣል። በማርች ሁለተኛው እሑድ ሌሊት ደግሞ አብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ ያን ቀን ቅዳሴ ያረፈደ ሁሉ ምክንያት አለው።

ግሪን ካርዱና የሶሻል ካርዱ በፖስታ ነው የሚመጡት። የተጠጋበት ዘመድ ፖስታ ሣጥን ላይ የአበበ ስም ከሌለ ፖስተኛው «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ የአበበንም የአያትንም ስም ጽፎ መለጠፍ ነው። ቤት ከቀየረም በ10 ቀን ውስጥ ኤአር-11 በሚባለው ቅጽ ኢሚግሬሽንን ማሳወቅ አለበት፤ ለፖስታ ቤት መንገር ብቻውን አይበቃም።

ትልቁ ግራ መጋባት ክሬዲት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ዕዳ የሌለበት ሰው ይመረቃል፤ እዚያ ዕዳ ኖሮበት የማያውቅ ሰው ከነመፈጠሩም አይታወቅም። ክሬዲት ማለት ሰው ዕዳውን በወጉ መክፈሉ የሚለካበት ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ከ300 እስከ 850 ይሄዳል፤ ጀማሪ ግን 300 እንኳ የለውም፣ ባዶ ነው። መውጫው ለባንክ ለምሳሌ 200 ዶላር አስይዞ፣ በዚያው ልክ የሚያበድር ካርድ ማውጣት ነው። የገዛ ገንዘብን ከራስ መበደር ማለት ነው፤ መሳቅ አይከለከልም። ከ60 ዶላር ባያሳልፍ፣ ቀኑ ሳያልፍ ቢከፍል፣ ስድስት ወር ገደማ ሲሆን ነጥብ ይወጣለታል። የሚያበላሸው ቀድሞ የመጣው ዘመድ ነው። «አምስት ካርድ ባንዴ አውጣ!» ይላል፤ እያንዳንዱ ማመልከቻ ነጥብ ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ ለመኪናው ዋስ ሁነኝ ይላል፤ ዘመድ ካልከፈለ ዕዳው የአበበ ነው።

አበበ ይህን ሁሉ ጠብቆ ከርሞ አንድ ቀን ፖስታ ሣጥኑን ሲከፍት ወፍራም ፖስታ ያገኛል። «ውድ ሚስተር ወልደማርያም፣ እንኳን ደስ አለዎት! ለብድር አስቀድመው ተመርጠዋል፤ ዋስ አያስፈልግዎትም።»