አባ ባትሪ

በዘመን ቆጠራችን ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ጅማ ግን ይህን የሰማች አትመስልም። ዝናቡ አንዴ ከጀመራት ጸደይ ነው ክረምት ነው ብሎ አይመርጥም። ሚያዝያ ላይ ጠዋት አንድ ሰዓት አዌቱ ወንዝ ዳር ብትቆሙ፣ ጉሙ በአንገታችሁ ገብቶ በእጅጌያችሁ ይወጣል።

በዚህ ብርድ ነው የኤሌክትሪክ ብስክሌቴን ይዤ የወጣሁት። ጃኬት ለብሻለሁ። እናቴ ግን "በዚህ ቁር!" ብላ ጋቢ ደረበችብኝ። ጋቢ እና የኋላ ጎማ አይዋደዱም። ይህን የተረዳሁት ገና ከሰፈር ሳልወጣ ነው።

የብስክሌቷ ነገር ቀላል ነው። ፔዳሉን ስትመታ ሞተሩ ያግዝሃል፣ ስትተወው እሱም ይተውሃል። ባትሪዋ 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ነው። ሻጩ "40 ኪሎ ሜትር ያለ ሐሳብ" ብሎኝ ነበር። ሰላምታን አልቆጠረማ!

ጅማ ላይ ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም። "አካም ቡልቴ?" (እንዴት አደርክ?) ያለህን ሰው መሪ እንደጨበጥክ "ደህና" ብለኸው ብትሄድ፣ ወሬው ካንተ ቀድሞ የከተማው ገበያ መርካቶ ይደርሳል። ስለዚህ ፍሬን ትይዛለህ። ትወርዳለህ። ትከሻ ለትከሻ ትገጫጫለህ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ቡናው ዋጋ ትጠይቃለህ። ከዚያ እንደገና መነሳት አለ። ከቆሙበት በተነሱ ቁጥር ደግሞ ባትሪው ተጨማሪ ይበላል። ብርዱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

የብስክሌት መንገዱማ አለ። ቀለም ተቀብቷል፣ የብስክሌት ሥዕልም አለው። ሥዕሉ ላይ በቆሎ ጠባሿ ምድጃዋን ተክላለች (እሳቱን ሞቅኩ፣ አልዋሽም)። ፈንጠር ብሎ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ስፖርተኞች ወደ ኋላ እየተራመዱ ይመጣሉ። አንድ በግ ቆሞ ያያቸዋል። ማንም ማንንም ምንም አይልም። እዚያ መንገድ ላይ እንግዳው ብስክሌት ነው።

ጥያቄውም አይቀርም። "ስንት ገዛኸው?" "በዚህ ብር ባጃጅ አይገዛም ነበር?" አንዷ እናትማ ሞተር እንዳለው ስነግራቸው አንጀታቸው ተላወሰ። "ውይ ልጄን! እግርህን ምን ነካው?"

ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የወጣሁት በግማሽ ባትሪ ነው። አሥራ አንደኛው ሰላምታ ላይ ጭጭ አለች። 25 ኪሎ ብረት እየገፋሁ ሳለ በራቸው ላይ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ።

"ፈረሷ ደከመች?"

"ባትሪ ጨርሳ ነው፣ አባቴ።"

"እንግዲያው አባ ባትሪ ነሃ!"

በጅማ ወግ ታላቅ ሰው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር እንኳ ስማቸው የፈረስ ስም ነው። የሳቸው ፈረስ ቤተ መንግሥታቸው ካለበት ከጅሬን ኮረብታ ወርዶ ሲመለስ ሶኬት አልፈለገም። እንደኔ ያለው እንግዲህ አባ ባትሪ ይባላል።

"አስገባት፣ ትብላ" አሉኝ። ቻርጀሩን ሰካሁ። ባዶው ባትሪ እስኪሞላ አምስት ሰዓት ይፈልጋል። ቡናው ግን ተቆልቶ ተወቅጦ ጀበናው ተጥዷል። አቦል ሲቀዳ 10 ከመቶ። ቶና ላይ 20። በረካ ላይ 30 ደረሰች። ከዚህ የተሻለ የባትሪ መለኪያ አላየሁም።

ሽማግሌው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተነሱ።

"እስቲ ልሞክራት።"

"አባቴ፣ ፍሬኗ..."

"አንተ ሳትወለድ በቅሎ ገርቻለሁ!"

ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸንፍጠው ወጡ። ወንዙን ተከትለው፣ አንድ እጃቸውን እያነሱ፣ ለሁሉም ሰላምታ እየሰጡ ነጎዱ። አንድም ቦታ አልቆሙም! ለካ ሽማግሌ ሲሆኑ ከላይ ሆኖ ሰላም ማለት ይፈቀዳል። እኔ ቻርጀሬን አንገቴ ላይ አጥልቄ በሩጫ ተከተልኳቸው።

በቆሎ ጠባሿን አለፍኩ። ሙሽሮቹን አለፍኩ። በጓን አለፍኩ። ፊሽካ ተነፋ።

"ወንድም! የብስክሌት መንገድ ነው፣ በእግር አይኬድበትም!"